ፓይተን ፕሮግራመር ላልሆነ ሰው፦ ለቢሮና ለቤት ሥራ ምን ያህል ያገለግላል?

ስለ ፓይተን፣ ማለትም ኮምፒውተርን በአጫጭር የትእዛዝ ጽሑፎች (ስክሪፕቶች) ስለምናዝበት ቋንቋ፣ የሚጻፉ ግምገማዎች አብዛኞቹ የታሰቡት ሶፍትዌር በመሥራት ለሚተዳደሩ ሰዎች ነው። እኔ ግን የምገመግመው ከሌላ ወገን ሆኜ ነው፤ የቢሮ ሥራው ሪፖርት ማጠናቀር፣ ፋይል ማደራጀትና አንዱን ዝርዝር ከሌላው ጋር ማመሳከር የሆነ፣ ቤት ሲገባ ደግሞ ለዓመታት የተጠራቀመ ፎቶና ሰነድ የሚጠብቀው ሰው ከዚህ መሣሪያ ምን ያገኛል በሚለው ጥያቄ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ እንዲህ ላለው ሰው ፓይተን ከማውቃቸው መሣሪያዎች ሁሉ የተሻለው ነው፤ ይህን የምለው ግን ሠላሳ ወይም አርባ መስመር ያላቸውን፣ የጻፋቸው ሰው ራሱ የሚገለገልባቸውንና ከወራት በኋላ ተከፍተው ሲነበቡ ወዲያው የሚገቡትን ትንንሽ ስክሪፕቶች እያሰብሁ ነው። ስክሪፕቱን ለሌላ ሰው ማስረከብ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል፤ ስለዚያም በቦታው እናገራለሁ።

የቋንቋው ጠባይ ከአነሳሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ታሪኩን በአጭሩ ማንሳት ይገባል። ፓይተንን የፈጠረው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ፣ አምስተርዳም በሚገኘው ብሔራዊ የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ምርምር ተቋም ተቀጥሮ ሳለ ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂም በ1991 ለሕዝብ ወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ ጊዶ በዚያው ተቋም ኤቢሲ የተባለውን ቋንቋ በሚሠራው ቡድን ውስጥ ነበር፤ ኤቢሲ ደግሞ ሙያቸው ፕሮግራም መጻፍ ላልሆነ ሰዎች የታሰበ ቋንቋ ነበር። የኮድን ክፍሎች በቅንፍ ከማጠር ይልቅ መስመሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ በመጻፍ የመለየት ልማድ የተወረሰው ከዚያ ነው። ዛሬ ፓይተን በሳይንስ ቤተ ሙከራዎችና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ውስጥ የቱንም ያህል ቢገን፣ ይህ የጥንት ጠባዩ አልጠፋም፤ በደንብ የተጻፈ የፓይተን ስክሪፕት ቋንቋውን በወጉ ያልተማረ ሰው እንኳ ጣቱን እያስኬደ ሊከተለው ይችላል። ከሁሉ በላይ የምወድለት ጠባይም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚያስፈልግ ስክሪፕት ዘንድ በምንመለስበት ጊዜ ሁላችንም ለገዛ ጽሑፋችን እንግዳ ነን።

ቋንቋው በነፃ የሚገኝ ነው፤ ክፍያም ፈቃድም አይጠየቅበትም። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች ላይ አስቀድሞ ተጭኖ ይገኛል፤ በዊንዶውስ ላይ ግን ከቋንቋው ይፋዊ ድረ ገጽ ማውረድ ያስፈልጋል፤ በሚጫንበትም ጊዜ ፓይተንን በሥርዓቱ የፍለጋ መንገድ ውስጥ እንዲያስገባ የምትጠይቀውን ትንሽ ሳጥን ምልክት ማድረግ እንዳይረሳ። ይህችን ሳጥን ያለፈ ሰው ኋላ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍቶ ፓይተንን ሲጠራ «እንዲህ የሚባል ትእዛዝ የለም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉትም ገና እዚህ ላይ ነው። ሌላው ለጀማሪ የሚነገር ነገር የቅጂ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የፓይተን ትውልድ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ድጋፉ ተቋርጧል፤ ሆኖም በእርሱ የተጻፉ ትምህርቶች አሁንም በየቦታው አሉ። መለያቸው ቀላል ነው፤ የማተሚያው ትእዛዝ «ፕሪንት» ከኋላው ቅንፍ ሳይከተለው ከታየ ትምህርቱ ያረጀ ነውና ጊዜን ሳያባክኑ ወደ ሌላ መሄድ ነው።

ወደ ቢሮ ሥራ ስንመጣ፣ ፓይተን ዋጋውን ጎልቶ የሚያሳየው ፋይሎችን በማዋሐድ ላይ ነው። ከተለያዩ ቅርንጫፎች ወይም ክፍሎች በየወሩ የሚላኩ ሰንጠረዦችን ወደ አንድ የማጠቃለል ሥራ ያለበት ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ቅጽ ተሰጥቷቸዋል ይባላል እንጂ፣ አንዱ የዓምዱን ርእስ «ስም» ብሎ ይልካል፣ ሌላው «ሙሉ ስም» ይለዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ «ስም» ብሎ ከኋላው ለዓይን የማይታይ ባዶ ቦታ ይተውበታል፤ ለሰው አንድ የሆነው ቃል ለኮምፒውተር ሁለት ይሆናል። ቀኑን አንዱ ከቀን ጀምሮ፣ ሌላው ከወር ጀምሮ ይጽፋል። ይህን በእጅ እየቀዱ እየለጠፉ ማስተካከል ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ይባስ ብሎም ሥራው ሲያልቅ ምን እንደተስተካከለና ምን እንደታለፈ የሚናገር ምንም ዱካ አይተርፍም።

ለዚህ ሥራ የምጠቀምበት ስክሪፕት የሚያደርገው ነገር በቃል ሲነገር ቀላል ነው። በአንድ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ተራ በተራ ይከፍታል፤ በየዓምዱ ርእስ ዳርና ዳር ያሉትን ባዶ ቦታዎች ይቆርጣል፤ አስቀድሜ በጻፍሁለት ትንሽ ሰንጠረዥ መሠረት «ሙሉ ስም»ን ወደ «ስም» ይመልሳል፤ እያንዳንዱ ረድፍ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ የሚናገር አንድ ተጨማሪ ዓምድ ያክላል፤ ቀኑ ያልገባውን ረድፍ ደግሞ በግምት ከማስተካከል ይልቅ ለብቻው ወደ «ያልተነበቡ» ፋይል ይገፋዋል። ዋናዎቹ ፋይሎች አይነኩም። ከጊዜው ቁጠባ ይልቅ ለእኔ የሚበልጠው ደንቡ በጽሑፍ መቀመጡ ነው፤ አለቃ ወይም ኦዲተር መጥቶ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲል የምናሳየው ነገር አለን።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት የሚገባው አንድ ነገር አለ። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው የሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ) ማንበቢያ ሞጁል፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ክፍል፣ ያገኘውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ይወስዳል፤ ስለዚህ በዜሮ የሚጀምር ስልክ ቁጥር ወይም የሠራተኛ መለያ ዜሮው እንዳለ ይቆያል። ፓንዳስ የሚባለውና ሰዎች ሁሉ የሚመክሩት ትልቁ ላይብረሪ (ለብቻው የሚጫን፣ ሌሎች የጻፉት የኮድ ስብስብ) ግን እያንዳንዱን ዓምድ አይቶ ዓይነቱን በራሱ ይገምታል፤ ዓምዱ በሙሉ አኃዝ ከሆነም ቁጥር ነው ብሎ መሪውን ዜሮ ይጥለዋል። ዓምዱን እንደ ጽሑፍ እንዲያነብ በግልጽ ማዘዝ ይቻላል፤ ያን የማያውቅ ሰው ግን ዜሮዎቹ መጥፋታቸውን የሚያየው ሪፖርቱ ከተላከ በኋላ ነው። ፓንዳስ ድንቅ መሣሪያ መሆኑን ባልክድም፣ ለጀማሪ የምመክረው በቀላሉ ሞጁል ጀምሮ ሥራው ሲከብድ ብቻ ወደ ፓንዳስ እንዲሻገር ነው።

«ይህ ሁሉ ለምን? ኤክሴል መቼ አነሰኝ?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሁለት በይፋ የታወቁ ነገሮች ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም ውስጥ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ውጤት ከዕለታዊው ሪፖርት ተዘልሎ ነበር፤ ምክንያቱም መረጃው የተላለፈው በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ሲሆን፣ ያ ዓይነት በአንድ ገጽ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። ከዚያ በላይ የመጣው ረድፍ ሁሉ ቀረ። በዚያው ዓመት ደግሞ የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የአንዳንድ ጂኖችን ምሕጻረ ስም ለመለወጥ መገደዱን አስታወቀ፤ ስሞቹ በእንግሊዝኛ የወር ስምና ቁጥር ስለሚመስሉ ኤክሴል ወደ ቀን እየቀየራቸው ተመራማሪዎችን አስቸግሮ ነበር። ኤክሴል ውጤት ለማየትና ለማሳየት እጅግ ጥሩ ነው፤ እኔም በየቀኑ እከፍተዋለሁ። መረጃን በጅምላ ለማሻገር ግን ያላዘዙትን የማያደርግ መሣሪያ ይሻላል።

ሁለተኛው የቢሮ አገልግሎት ማመሳከር ነው። በአንዱ ዝርዝር ኖሮ በሌላው የሌለው ማን ነው? ፓይተን ዝርዝሮችን «ሴት» (በእንግሊዝኛ set) ወደሚባል ስብስብ ለውጦ አንዱን ከሌላው እንደ ቁጥር መቀነስ ያስችላል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ስሞች በዓይን ጥቅሻ ይለያሉ። በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ግን ከዚህ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። ያው ሰው በአንዱ ዝርዝር «ኃይሉ» በሌላው «ሀይሉ»፣ በአንዱ «ፀሐይ» በሌላው «ጸሀይ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ሞክሼ ፊደላት የሚባል ነገር አያውቅም። መፍትሔው ከማመሳከሩ በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ቤተሰብ የሚመልስ ትንሽ ተግባር መጻፍ ነው፤ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) የግእዝን ፊደላት ከነሆሄያቸው በተርታ ስላስቀመጣቸው ሥራው ከሚታሰበው በላይ ይቀልላል። ለምሳሌ ከ«ሐ» እስከ «ሖ» ያለው እያንዳንዱ ፊደል በ«ሀ» ቤት ካለው ተጓዳኙ በ16 ይርቃል፤ «ፀ»ም ከ«ጸ» በ8። በዚህ ስሌት አንድ አጭር ዙር ቤተሰቡን በሙሉ ይመልሰዋል፤ የሀና የሃ፣ የአና የኣ መቀያየር ግን በሆሄ መካከል ስለሆነ ለብቻው አንድ መስመር ይፈልጋል። ይህ የተስተካከለ ጽሑፍ ለማመሳከሪያ ብቻ እንዲያገለግልና በሚወጣው ውጤት ላይ ሰው ስሙን እንደጻፈው እንዲቀር አጥብቄ እመክራለሁ፤ የሰውን ስም አጻጻፍ መለወጥ የስክሪፕት ሥልጣን አይደለም።

የፊደልን ነገር ካነሣን አይቀር፣ ሦስተኛው የፓይተን ትውልድ ከቀዳሚው የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ጽሑፍን ሁሉ ከመነሻው በዩኒኮድ መያዙ ነው። «ሰላም» የሚለውን ቃል ርዝመት ብትጠይቁት 3 ይላችኋል፤ በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድን ፊደላት በፋይል ውስጥ በማስቀመጫው ዘዴ) ወደ ፋይል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ቃሉ 9 ባይት ይሆናል። ይህ ልዩነት የሚያስቸግረው በዊንዶውስ ላይ ነው፤ ፋይል ሲከፈት የፊደል አቀማመጡ ዩቲኤፍ 8 መሆኑ በግልጽ ካልተነገረው ፓይተን የሥርዓቱን የቆየ አቀማመጥ ሲወስድ ኖሯል፤ ያኔ ስክሪፕቱ ስህተት ብሎ ይቆማል፣ ወይም በአማርኛው ፈንታ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ያወጣል። ሌላም አለ፦ በትክክል የተጻፈ የአማርኛ ሲኤስቪ ፋይል በኤክሴል ሁለት ጊዜ ጠቅ ተደርጎ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ይታያል። ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ ኤክሴል በፋይሉ መጀመሪያ ላይ አንዲት ስውር ምልክት ስለሚጠብቅ ነው። ፓይተን ይህችን ምልክት የሚጨምር የራሱ የአጻጻፍ ምርጫ አለው፤ የዩቲኤፍ 8 «ሲግ» ይባላል። አንዲት ቃል ናት፤ የምታድነው ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ከእነዚህ ውጭ ያሉትን የቢሮ አገልግሎቶች በፍጥነት ልለፍ። የፒዲኤፍ ሰነዶችን መክፈልና ማዋሐድ በአንድ ተጨማሪ ላይብረሪ ይሠራል፤ ከፒዲኤፍ ውስጥ ሰንጠረዥ ማውጣት ግን ሰነዱ እንዴት እንደተሠራ ስለሚወስነው ተስፋ አድርጉ አልልም፤ በስካነር የተነሣ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ ሥዕል ብቻ ነው። በጅምላ ኢሜይል መላክ ይቻላል፤ የይለፍ ቃልን በስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ ግን ፈጽሞ አይገባም። ከድረ ገጽ መረጃ መልቀም ሲሠራ ደስ ይላል፤ የድረ ገጹ ባለቤት ገጹን በለወጠ ቁጥር ስለሚሰበር ሥራን በእርሱ ላይ መመሥረት አይመከርም።

በቤት ውስጥ ዋነኛው አገልግሎት ፎቶ ነው። ከስልክ፣ ከካሜራና ከአሮጌ ፍላሽ ዲስክ ተሰብስቦ በአንድ ቦታ የተከመረ ፎቶ ያለው ሰው ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ በዓመትና በወር እንዲደረደርለትና ድግግሞሹ እንዲለይለት። በካሜራ የተነሣ ፎቶ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት በውስጡ ይዞ ይዞራል፤ ፒሎው በሚባለው ላይብረሪ ይህን ማንበብ ይቻላል። የሚገኘው ጽሑፍ «2019:07:14 16:20:05» ዓይነት መልክ አለው፤ ዊንዶውስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ ሁለት ነጥብ ስለማይቀበል በሰረዝ መተካት አለበት። በመልእክት መላኪያ መተግበሪያዎች በኩል የመጡ ፎቶዎች ይህን መረጃ ብዙ ጊዜ አጥተው ነው የሚደርሱት፤ ለእነርሱ ያለው መንገድ ቀኑን ከፋይሉ ስም ማንበብ ነው፤ እሱም ከሌለ «ቀኑ ያልታወቀ» በሚል ፎልደር ይቀመጡ። የፋይሉን የተለወጠበትን ቀን መውሰድ ያጓጓል፤ ሆኖም ያ ቀን ፋይሉ የተቀዳበት ወይም የወረደበት ሊሆን ስለሚችል የአሥር ዓመት ፎቶ ትናንት የተነሣ ይመስላል።

ለድግግሞሽ ፓይተን የፋይሉን ይዘት አንብቦ የጣት አሻራ የመሰለ ቁጥር የሚያወጣ ሞጁል አለው። ይዘታቸው አንድ የሆኑ ፋይሎች ስማቸው ቢለያይ እንኳ አሻራቸው አንድ ነው። በመጀመሪያ መጠናቸው እኩል የሆኑትን ብቻ ለይቶ አሻራ ማውጣት ጊዜ ይቆጥባል። ይህ ዘዴ የሚለየው ፍጹም ቅጂ የሆነውን ብቻ መሆኑ ግን መታወቅ አለበት፤ መጠኑ የቀነሰ ወይም ትንሽ የተቆረጠ ፎቶ ለዓይን አንድ ቢሆንም ለዚህ ዘዴ ፈጽሞ ሌላ ፋይል ነው።

ስለ መሰረዝ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ከፓይተን አደገኛ ጎኖች አንዱ ነውና። በፓይተን ትእዛዝ የተሰረዘ ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያው ሳጥን አይገባም፤ በዚያው ይሄዳል። ስም መቀየርም የራሱ ወጥመድ አለው፦ በአዲሱ ስም ሌላ ፋይል አስቀድሞ ካለ ዊንዶውስ ላይ ስክሪፕቱ ስህተት ብሎ ሲቆም፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ግን ያለውን ፋይል አንዳች ሳይናገር ይተካዋል። ያው ስክሪፕት በአንዱ ኮምፒውተር ጠንቃቃ፣ በሌላው አጥፊ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የፎቶ ስክሪፕት የሚጽፍ ሰው ከማዛወር ይልቅ ይቅዳ፤ ከመሰረዝ ይልቅ ወደ ሌላ ፎልደር ያግልል፤ በመጀመሪያው ዙርም ምንም ሳይነካ «ይህን ወደዚህ ላደርግ ነው» የሚለውን ዝርዝር ብቻ ያሳትም።

ሌላው የምወደው የቤት አገልግሎት ትንሽ ነገር ነው፤ የፊልም የጽሑፍ ትርጉም ከንግግሩ ሲቀድም ወይም ሲዘገይ ማስተካከል። የትርጉም ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ «00:12:07,450» እያለ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድና ከሰከንድ አንድ ሺህኛውን ይጽፋል። ሁሉን ሰዓት በሦስት ሰከንድ ወደኋላ የሚገፋ ስክሪፕት አሥራ አምስት መስመር አይሞላም፤ ፓይተንን ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ልምምድ አላውቅም፤ ፋይል ማንበብ፣ ጽሑፍ መፈለግ፣ ሰዓት መደመርና መልሶ መጻፍ በአንድ ላይ አለበት፤ ውጤቱም ወዲያው በዓይን ይታያል። ልጅ ላለው ቤት ደግሞ ከቋንቋው ጋር የሚመጣው የኤሊ ሥዕል ሞጁል አለ፤ «ወደፊት 100፣ ወደ ቀኝ 90» እያሉ በስክሪኑ ላይ ሥዕል የሚያስጽፉበት ነው፤ ሐሳቡ የተወረሰው በ1960ዎቹ መጨረሻ ለልጆች ከተሠራው ሎጎ ከተባለው ቋንቋ ነው።

የቤት ወጪ መመዝገብን በተመለከተ ግን ፓይተንን አልመክርም። ብዙ መማሪያዎች ይህንን እንደ ምሳሌ ያቀርቡታል፤ በተግባር ግን ወጪ የሚመዘገበው በስልክ፣ እዚያው በወጣበት ቦታ ነው፤ ተራ ሰንጠረዥ ይበቃዋል። ገንዘብ ማስላት ላይ ደግሞ ፓይተን ያላወቀውን ሰው ያስደነግጣል፤ 0.1 ላይ 0.2 ደምር ሲሉት 0.30000000000000004 ይላል። ይህ የፓይተን ጉድለት ሳይሆን ኮምፒውተሮች የአሥርዮሽ ቁጥርን በሁለትዮሽ የሚይዙበት መንገድ ውጤት ነው፤ በሌሎች ብዙ ቋንቋዎችም ያው ነው። የማጠጋጊያው ትእዛዝም 2.5ን ወደ 2፣ 3.5ን ወደ 4 ይወስዳል፤ መካከል ላይ የወደቀውን ወደ ቅርቡ ተጋማሽ ቁጥር ስለሚያጠጋጋ ነው። ለደመወዝም ለሒሳብ መዝገብም የሚሆነው «ዴሲማል» የተባለው ሞጁል ነው፤ በእርሱም ቁጥሩ በጥቅስ ምልክት ውስጥ እንደ ጽሑፍ መሰጠት አለበት፤ ካልሆነ ስህተቱን ይዞት ይገባል።

ድክመቶቹን እንይ። ስለ ፍጥነቱ ብዙ ይባላል፤ እዚህ ለምናወራው ሥራ ግን ጉዳዩ የለም ማለት ይቻላል፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ረድፎችን በሰከንዶች ያነባል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 3.11 ቅጂም ከቀደመው በአማካይ በሩብ ያህል ፈጥኗል። የሚያስከፋኝ ሌላ ነው። ፓይተን ብዙውን ስህተት የሚናገረው መስመሩ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ለግማሽ ሰዓት የሠራ ስክሪፕት ውጤቱን ሊጽፍ ሲል በአንዲት ፊደል ግድፈት ሊወድቅ ይችላል። የስህተት መልእክቶቹ ከ3.10 ወዲህ በእጅጉ ተሻሽለዋል፤ የጎደለውን ቅንፍ ሳይቀር ይጠቁማሉ፤ ጀማሪ ግን መልእክቱን ከታች ወደ ላይ ማንበብ እንዳለበት የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

ላይብረሪዎችን መጫንም ራስ ምታት አያጣውም። የቋንቋው ትልቁ ሀብት ፒፕ በሚባለው የመጫኛ ፕሮግራም አማካይነት የሚጫኑት እጅግ ብዙ ነፃ ጥቅሎች ናቸው፤ ነገር ግን ማንም ሰው የራሱን ጥቅል በማከማቻው ላይ ማስቀመጥ ስለሚችል፣ የታዋቂውን ጥቅል ስም በአንዲት ፊደል ብቻ ለውጠው ጎጂ ኮድ የሚያስቀምጡ ሰዎች ተገኝተዋል። ስሙን ከይፋዊው ሰነድ ላይ ቀድቶ መለጠፍ ነው እንጂ በእጅ ከትዝታ መጻፍ አይገባም። አንዱ ስክሪፕት የሚፈልገው የላይብረሪ ቅጂ ሌላውን እንዳይሰብር ለእያንዳንዱ ሥራ ለብቻው «ቬንቭ» የሚባል ክልል መፍጠር ይመከራል፤ ምክሩ ትክክል ነው፤ ለአርባ መስመር ስክሪፕት ግን ሥርዓቱ ከሥራው ይበልጣል። ስለዚህ በተቻለ መጠን አብረው በሚመጡት ሞጁሎች ብቻ መጻፍን እመርጣለሁ።

ማስረከብ ሲመጣ ደግሞ እውነተኛው ድካም ይጀምራል። አጠገባችሁ ያለው የሥራ ባልደረባ ስክሪፕታችሁን አይቶ «ለእኔም ስጠኝ» ቢል፣ በእርሱ ኮምፒውተር ላይ ፓይተን የለም፤ ላይብረሪዎቹ የሉም፤ የፎልደሩ አድራሻ ሌላ ነው፤ ምናልባትም አዲስ ፕሮግራም ለመጫን ፈቃድ የለውም። ስክሪፕቱን ወደ አንድ ራሱን የቻለ ፕሮግራም የሚለውጡ እንደ ፓይኢንስቶለር ያሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ውጤታቸው ግን ለትንሽ ሥራ ትልቅ ፋይል ነው፤ በሚሠራበት የሥርዓት ዓይነት ላይ መዘጋጀት አለበት፤ ጸረ ቫይረሶችም አንዳንዴ ያለ ጥፋቱ ይጠረጥሩታል። በዚህ ረገድ በኤክሴል ውስጥ የሚጻፈው ማክሮ በግልጽ ይበልጣል፤ ፋይሉ ሲላክ ማክሮውም አብሮ ይሄዳልና። ሥራው ሁሉ በኤክሴል ውስጥ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅና ብዙ ሰው የሚጋራው ከሆነ ፓይተንን ለጊዜው መተው ነው።

ሌሎቹን ተፎካካሪዎች በተመለከተ፣ ፓወርሼል በዊንዶውስ ላይ ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ የፋይል ስም ለመቀየርና የኮምፒውተር አስተዳደር ሥራ ለመሥራት ጥሩ ነው፤ ባሽም ለሊኑክስ ሰው እንዲሁ። ሁለቱም ሥራው ከአምስት መስመር ሲያልፍ ለማንበብ ይከብዳሉ። ፐርል በጽሑፍ ሥራ ላይ ዛሬም ብርቱ ነው፤ ከዓመት በኋላ የራስን የፐርል ስክሪፕት ማንበብ ግን ለሁሉም አይሆንም።

በመጨረሻ የሚነሣው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስክሪፕቱን ሲጽፍልን ቋንቋውን መማር ለምን ያስፈልጋል የሚለው ነው። እኔም እጠቀምበታለሁ፤ የሲኤስቪ ማዋሐጃ ስክሪፕት ለማስጀመር ከባዶ ገጽ ይሻላል። የጻፈውን የማንበብ ችሎታ ግን ከእኛ ይጠበቃል፤ እዚህ ላይ የፓይተን ግልጽነት እንደገና ይጠቅማል። እንዲህ የተጻፈ ስክሪፕት ከማስኬዴ በፊት ሦስት ነገሮችን እፈልጋለሁ፤ የሚሰርዝ ወይም ስም የሚቀይር መስመር አለበት ወይ፣ ፋይል የሚከፈትበት ቦታ ሁሉ የፊደል አቀማመጡ ተጠቅሷል ወይ፣ ስህተት ሲገጥመው ዝም ብሎ የሚያልፍበት ክፍል አለ ወይ። ሦስተኛው ይበልጥ ያሰጋኛል፤ እነዚህ መሣሪያዎች ስክሪፕቱ እንዳይቆም ሲሉ ስህተትን የሚውጥ ክፍል ማስገባት ይወዳሉና፤ ያልተነበበው ረድፍ ያኔ ወደ የትም አይጻፍም፤ ድምሩ ብቻ ያንሳል። እንዲህ ያለውን ክፍል ሳገኝ አጥፍቼ ስክሪፕቱን በፋይሎቹ ቅጂ ላይ አስኬደዋለሁ፤ የሚወድቅበትን ረድፍ በዓይኔ ሳላይ በዋናው ፋይል ላይ አላስነሣውም።